የራሺያው ክላሽ ለምን ከሸፈ? ስለ ጠመንጃና ጥይት ስሪት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ የሚገኝ ሕንፃ የጥበቃ ንብረት ኃላፊ ናቸው። በፈቃድ የተያዙ ሦስት የራሺያ ክላሽ፣ ሁለት የቻይና ክላሽ፣ አንድ የዩጎዝላቪያ ክላሽ፣ ሁለት ሲሞኖቭ ጠመንጃና አንድ ማካሮቭ ሽጉጥ በእጃቸው አለ። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ በፖሊስ ተኩስ ሜዳ ልምምድ ሲደረግ ከ120 የክላሽ ጥይት 9ኙ ከሸፉ። ስድስቱ የከሸፉት በአንድ የራሺያ ክላሽ ነው፤ ከእነዚህ አራቱ ወደ ሌላ ጠመንጃ ሲዛወሩ ተተኩሰዋል፣ ሁለቱ ግን እንቢ ብለዋል። የቀሩት ሦስቱ ጥበቃዎቹ በቆዳ ዝናር ከሚይዟቸው የናስ ጥይቶች ሲሆኑ በሌላ ጠመንጃም እንቢ ብለዋል። ሥራ አስኪያጁ «የራሺያውን አስቀሩ፣ የቻይናውን መልሱ፣ ጥይትም የራሺያ ብቻ ጠይቁ» ብለዋል። የትኛው ስሪት ነው የሚታመነው?

የላኩልኝ ቁጥር የመልሱን እኩሌታ ይዞ መጥቷል። ዘጠኙ ክሽፈት አንድ ዓይነት ሕመም አይደለም። በአንዱ ጠመንጃ ከሽፎ በሌላው የተተኮሰ ጥይት ጠመንጃውን እንድንጠረጥር ያደርጋል፤ በሁለት ጠመንጃ ተመትቶ እንቢ ያለ ጥይት ግን ጥፋቱ የራሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ እንዳሉት ቢደረግ ታማሚውን ጠመንጃ አስቀርተው ጤነኞቹን ይመልሳሉ ማለት ነው። የስሪት አገር የሚነግርዎ ነገር አለ፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፤ ነገር ግን በእርስዎ ዕቃ ቤት ደረጃ አስተማማኝነትን የሚወስኑት በቅደም ተከተል የጥይቱ አያያዝ፣ ካዝናው (ጠመንጃው ላይ የሚገባው የጥይት መሙያ)፣ የጽዳቱ ዓይነት፣ በመጨረሻም ፋብሪካው ናቸው።

መጀመሪያ የከሸፉትን ጥይቶች ቂጥ ይመልከቱ። በመካከል ያለችው፣ ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ካፕሱል ላይ መቺው መርፌ የተወው ጉድጓድ አለ። ከዚያው ጠመንጃ በደንብ ከተተኮሰ ቀለሃ ጋር ጎን ለጎን አድርገው በብርሃን ያስተያዩ። ጉድጓዱ ጥልቅና መሐሉን የጠበቀ ሆኖ ካልተኮሰ ካፕሱሉ ሞቷል። ጉድጓዱ ስስ ከሆነ ወይም ወደ ጎን ካዘነበለ ጠመንጃው በደንብ አልመታም። ይህን ማየት ያስፈለገው፣ አንዳንድ ካፕሱል በመጀመሪያው ምት ወደ ውስጥ ይቀመጥና በሁለተኛው የትም ቢሆን ስለሚነሣ ነው፤ ጥይቱን ማዘዋወር ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። አንድ ነገር እንዳያሳስትዎ፦ ክላሽ ጎርሶ ሳይተኮስ የወጣ ጥይትም ካፕሱሉ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ይዞ ይወጣል። መርፌው በሞላ ስላልተያዘ ቦልቱ (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት) ሲዘጋ በራሱ ግፊት ወደፊት ይነካታል። ይህ ጤናማ ነው።

በዚያ ራሺያ ክላሽ ላይ ጉድጓዶቹ ስስ ሆነው እንደሚያገኟቸው እገምታለሁ። ቦልቱን ወደፊትና ወደኋላ ከሚወስደው ተሸካሚ ብረት ነጥለው በጆሮዎ አጠገብ ያወዛውዙት። መርፌው ውስጥ ሲመላለስ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ካልተሰማ ቀዳዳው በደረቀ ግራሶ፣ በባሩድ ጥቀርሻና በናስ ፍርፋሪ ታጭቋል። ጥበቃ ቤት ያለ መሣሪያ ብዙ ጊዜ በላይ በላዩ ግራሶ እየተቀባ ይከርማል፤ በታኅሣሥ ማለዳ ብርድ ደግሞ ያ ግራሶ እንደ ሰም ይጠነክርና መርፌውን ያዘገየዋል። ያው ጠመንጃ ከቀትር በኋላ ቢሞከር ምናልባት አንድም ባልከሸፈ። መፍትሔው ቦልቱን ሌሊቱን በነጭ ጋዝ መዘፍዘፍ፣ ጠዋት አራግፎ እስኪንቀጫቀጭ መደጋገም፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ ነው። መርፌውን የያዘችውን ማቋረጫ ፒን አስወጥቶ ሙሉ በሙሉ መፍታት የተሻለ ነው፤ ፒኗ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለምትወጣ በግድ በመዶሻ ከመቱ ያበላሿታል፤ ለባለሙያ ይተዉት። በመርፌው ቀዳዳ ውስጥ ዘይት አይጨመርም። ደረቅ ሆኖ ነው የሚሠራው።

መርፌው ነፃ ሆኖም ስስ ምት ከቀጠለ ቦልቱ እስከ መጨረሻው እየተዘጋ እንደሆነ ይዩ። ተሸካሚው ጥቂት ወደ ኋላ ከቀረ መርፌውን የሚመታው የጠመንጃው መዶሻ መጀመሪያ ተሸካሚውን ይመታና ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። ምክንያቱ የቆሸሸ ወይም የዛገ ጥይት መጉረሻ፣ የደከመ መላሽ ሞላ፣ ወይም ትከሻው የተጠረመሰ ጥይት ሊሆን ይችላል። የክላሽ መዶሻ ሞላ ከበርካታ ሽቦ የተጠመዘዘ ስለሆነ እሱ ደክሞ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ ከእሱ አይጀምሩ።

ሲሞኖቮቹን በተመለከተ ይህ የመርፌ ጉዳይ ከክሽፈት የባሰ አደጋ አለው። የሲሞኖቭም መርፌ በአብዛኛው ያለ ሞላ ነፃ ነው። በግራሶ ተጣብቆ ወደ ፊት ወጥቶ ከቀረ ጠመንጃው ገና ሲጎርስ ምላጭ ሳይሳብ ይተኩሳል፤ አንዳንዴም ተከታትሎ። ስለዚህ ሁለቱንም ከዚህ በኋላ ከማጉረስዎ በፊት የማወዛወዙን ፍተሻ ያድርጉላቸው። ካልተንቀጫቀጩ እስኪጸዱ ድረስ ከአገልግሎት ይውጡ።

አሁን ወደ ሦስቱ የናስ ጥይቶች። ቆዳ ከተለፋበት ነገር የሚቀር አሲድ አለው፣ እርጥበትም ይይዛል፤ ናስ ደግሞ ለዚህ ደካማ ነው። በዝናር ለወራት የተቀመጠ ጥይት አንገቱና ቂጡ አካባቢ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ዝገቱ ወደ ካፕሱሉ ዙሪያ ሲደርስ እርጥበት ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ዝናር ለሰልፍ ይሁን፤ ጥይቱ ግን ፈረቃ ሲያበቃ ወደ ካዝና ወይም ወደ ካርቶን ይመለስ። ሌላው የናስ ጠላት አሞኒያ ነው። በእንግሊዞች ዘመን በህንድ በፈረስ ጋጣ አጠገብ የተከማቹ የናስ ቀለሃዎች በዝናብ ወራት አፋቸው ላይ እየተሰነጠቁ ተገኝተው ነበር፤ ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ነበር። ስለዚህ የጥይት ሳጥን ከሽንት ቤት ጎን ወይም የመስታወትና የወለል ማጽጃ ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ጋር አይሁን። በብዙ ሕንፃ የጥበቃ ዕቃ ቤት ከምድር ቤቱ መጸዳጃ ጋር ግድግዳ ይጋራልና ይህ የቅንጦት ምክር አይደለም።

የብረት ቀለሃ ያለው ጥይት፣ መዳብ የተለበጠም ይሁን አረንጓዴ ወይም ግራጫ ቫርኒሽ የተቀባ፣ በራሱ ከናስ አያንስም። «የብረት ጥይት ጠመንጃ ይበላል» የሚባለው ጥፋቱን ለተሳሳተ ክፍል መስጠት ነው። ጠመንጃ የሚበላው የካፕሱሉ ጨው ነው። በብዙ የሶቪየት፣ የቻይናና የምሥራቅ አውሮፓ ወታደራዊ ጥይት ካፕሱል ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለ፤ ሲነድ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው በአፈሙዙ፣ በጋዝ ቱቦውና በፒስተኑ ላይ ይቀራል። ጨው ከአየር ውሃ ይስባል። በሐምሌና በነሐሴ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ሳይታጠብ ካደረ በማግስቱ ቀይ ዝገት ይታይበታል።

እዚህ ላይ የብዙ ጥበቃ ቤት ልማድ ስህተት አለ። ናፍታም፣ ነጭ ጋዝም፣ ዘይትም ጨው አያሟሙም። ውሃ ብቻ ነው የሚያሟማው። ልምምድ በተደረገበት ዕለት ማታ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ አንድ ሊትር ገደማ የፈላ ውሃ በጥቂት ሳሙና ያዘጋጁ። አፈሙዙን፣ የጋዝ ቱቦውን፣ ፒስተኑን፣ የቦልቱን ፊትና አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዘውን እንክብል ያጥቡበት። ውሃው መፍላቱ ለማድረቅ ይረዳል፤ ብረቱ ሞቆ ራሱን ያደርቃል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ፣ በመጨረሻ በስሱ ዘይት። በሦስተኛው ቀን እንደገና ነጭ ጨርቅ ያሳልፉበት፤ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ይድገሙት። የተቃጠለ የመኪና ዘይት አይቀቡ፤ አሲድና የብረት ብናኝ ይዟል። ሌላ ከጠፋ አዲስ የሞተር ዘይት በጣም በስሱ ይሻላል።

ክላሽ ከኋላ ስለማይወለወል ዘንጉ የሚገባው ከፊት ነው፤ ያኔ ዘንጉ የአፈሙዙን አፍ እየፋቀ ኢላማ ያበላሻል። ለዚህ ነው በእንጨቱ ሰደፍ ውስጥ ያለችው የመወልወያ ቱቦ ክዳን ቀዳዳ ያላት፦ አፈሙዙ ላይ ተደፍታ ዘንጉን መሐል ለመሐል ትመራለች። የሰደፉን ክዳን በጣትዎ ገፍተው ይመልከቱ። ቱቦዋ በብዙ ቤት ወይ የለችም ወይ መኖሯን ያወቀ የለም።

አንድ ከባድ ጥፋት ልጨምር። ስምንቱን ጠመንጃ ባንድ ጊዜ ፈታተው ክፍሎቹን በአንድ በርሜል ናፍታ ውስጥ የሚዘፈዝፉ አሉ። ሲገጣጠም የአንዱ ቦልት ለሌላው ይሄዳል። ይገጥማል፣ ይሠራልም፤ ግን በቦልቱና በጥይቱ ቂጥ መካከል ያለው ልክ ለየጠመንጃው በፋብሪካ የተስተካከለ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሃው ተለጥጦ ይሰነጠቃል፣ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። የተተኮሱ ቀለሃዎችን ይሰብስቡና ከቂጣቸው ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያበራ ቀለበት ወይም ስንጥቅ ካለ ይዩ። በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ በአካሉ፣ በተሸካሚውና በቦልቱ የተመታውን ቁጥር ያመሳክሩ፤ የማይመሳሰል ከተገኘ መለኪያ ያለው ባለሙያ ሳይለካው አይተኮስበት። ጥገና በራሱ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ መሆኑንም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አንብበው ያስታውሱ፤ የመርካቶ ብየዳ ቤት አማራጭ አይደለም። በተለይ የክላሽ ፒስተን ሲነቃነቅ አይተው «ላልቷል» ብለው እንዳያስበይዱት። ሆን ተብሎ ነው የሚነቃነቀው።

ስለ ስሪት ልመለስ። የራሺያው ኤኬኤም፣ የኢዥቬስክ ከሆነ በግራ ጎኑ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀስት፣ የቱላ ከሆነ ኮከብ ያለበት፣ አካሉ ከ1 ሚሊሜትር ላሜራ የተሠራ፣ ያለ ካዝና 3.1 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነው። የቻይናው 56፣ በላሜራ የተሠራው፣ ላሜራው 1.5 ሚሊሜትር ስለሆነ ከብዶ ይያዛል፣ የፊት ማነጣጠሪያው ዙሪያውን በቀለበት የተዘጋ ነው። ሁለቱም አፈሙዛቸው ውስጡ ክሮም ነው። ቻይናውን የከፈተ ሰው ከምላጩ አጠገብ በራሺያው ላይ ያለች አንዲት የተኩስ ማዘግያ ክፍል ሲያጣ «ጎድሎታል» ይላል፤ አልጎደለውም፣ ሲሠራም አልነበራትም። ለጥበቃ ሥራ ከሁለቱ መካከል እንድመርጥ ብገደድ ስሪቱን ትቼ ቁጥሩ የተመሳሰለውንና መጉረሻው ያልዛገውን እወስዳለሁ።

ዩጎዝላቪያው ግን በእውነት የተለየ ነው። የቀድሞዎቹ ኤም 70ዎች አፈሙዝ ክሮም የለውም፤ ከላይ ያልኩት ጨው መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው። ካዝናው የራሱ ከሆነ ጥይት ሲያልቅ ቦልቱን ወደ ኋላ ይይዛል፣ ካዝናው ሲነቀል ይለቀዋል፤ ይህ መንከስ (ተይዞ መቅረት) አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቦምብ ማስወንጨፊያ ማነጣጠሪያ ካለው፣ ማነጣጠሪያው ቀና ሲል የጋዙን መንገድ ይዘጋል። ያኔ ጠመንጃው አንድ ይተኩስና በእጅ ካልተሳበ ሌላ አይጎርስም። «ዩጎዝላቪያ አያስተማምንም» ከሚሉት ሰዎች ስንቶቹ ያቺን ብረት ቀና አድርገው እንደያዙ እግዜር ይወቅ። ወደ ታች ተኝታ መቆለፏን ያረጋግጡ።

ካዝና። ከሌላው ሁሉ በላይ ክላሽን የሚያስነክሰው እሱ ነው፣ ማንም ግን አይጠረጥረውም። በየካዝናው ላይ በቀለም ቁጥር ይጻፉ፤ በልምምድ ላይ ነከሰ ከተባለ ከጠመንጃው ቁጥር ጎን የካዝናውም ይመዝገብ። ከሦስት ጠመንጃ ጋር የነከሰ ካዝና ፍርዱ አልቋል። የሚፈተሸው ይህ ነው፦ ጥይት የሚይዙት ሁለቱ ከንፈሮች እኩል ናቸው ወይስ አንዱ ተከፍቷል፤ ጎኑ ወደ ውስጥ ተጠርምሶ ጥይት ገፊውን ይይዘዋል ወይ (ባዶውን በጣት ወደ ታች ገፍተው ሲለቁት እየዘለለ ሳይሆን በአንድ ትንፋሽ መመለስ አለበት)፤ ጠመንጃው ላይ ተቆልፎ ወደ ታች ሲስቡት ዝቅ ይላል ወይ። ዝቅ ካለ ቦልቱ ከጥይቱ በላይ ያልፋል። የኋላ ጥርሱ ተበልቶ ይሆናል፣ ወይም መያዣው ላልቷል። ሁለት ካዝና በፕላስተር ተገልብጦ የሚታሰረውን ይከልክሉ፤ የታችኛው አፉ አፈር እየቃመ ነው የሚውለው። ሙሉ ሆኖ መቀመጥ ግን ሞላውን እንደሚባለው አይገድለውም፤ የሚያደክመው በየቀኑ መሙላትና ማራገፍ ነው።

ይህ በየቀኑ መሙላትና ማራገፍ በጥይቱም ላይ ጉዳት አለው። ፈረቃ ሲቀየር ያው የላይኛው ጥይት ይጎርሳል፣ ይወጣል፣ ተመልሶ ከላይ ይቀመጣል። በየጊዜው እርሳሱ (ከቀለሃው ጫፍ ያለው ተወንጫፊ) ወደ መጉረሻው የሚያስገባውን መወጣጫ እየመታ ወደ ቀለሃው ውስጥ ይገፋል። የክላሽ ጥይት ሙሉ ርዝመት 56 ሚሊሜትር ግድም ነው። አንዱን ከታሸገ ወረቀት አውጥተው በካሊፐር ይለኩና የላይኛውን ከእሱ ጋር ያስተያዩ፤ ግማሽ ሚሊሜትር ካጠረ ይለይ። በማካሮቩ ላይ ይህ ይበልጥ ያሳስባል፣ ምክንያቱም በአጭር ቀለሃ ውስጥ ትንሽ መገፋት ግፊቱን ብዙ ይጨምራል። የማካሮቭ ጥይት 9×18 ነው፤ 9×19 አይደለም። 9×17ም ልቅ ብሎ ሊገባበት ይችላልና ማዘዣ ላይ «9 ሚሊ» ብቻ አይጻፍ። እንዲሁም «7.62» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ማዘዣ የክላሹን 7.62×39፣ በተለምዶ የብሬን የምንለውን ባለ ከንፈር 7.62×54፣ ወይም የኤም 14ን 7.62×51 ሊያመጣልዎ ይችላል።

ጥይት ሲጠይቁ ከአገሩ ይልቅ የሚጠየቀው እሽጉና ቂጡ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። በሶቪየት ጥይት ላይ ከላይ የፋብሪካ ቁጥር፣ ከታች ዓመት አለ፦ 17 ባርናውል፣ 60 ፍሩንዜ፣ 270 ሉጋንስክ፣ 539 ቱላ፣ 711 ክሊሞቭስክ። ቻይናውም በተመሳሳይ አሠራር ቁጥርና ዓመት ይመታል። ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ 74 ማለት በእኛ 1966 ወይም 1967 ዓ.ም. ነው እንጂ የደርግ 1974 አይደለም፤ በመዝገብ ላይ ይህ ሲምታታ ስምንት ዓመት ያህል ይጠፋል። ባርናውልም ሆነ ቱላ፣ ቻይናም ሆነ ከአምቦ አጠገብ ያለው የእኛው ሆሚቾ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ ከቆየ የ40 ዓመት ጥይት በጸሐይ በሚግል የቆርቆሮ ጥበቃ ቤት ውስጥ 2 ዓመት ከተንጠለጠለ አዲስ ጥይት ይበልጣል። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ላብ ያወጣል። ካፕሱሉና የቀለሃው አፍ ዙሪያ ላይ የሚታየው ቀይ ወይም ሐምራዊ ቀለም ውሃ መከላከያ ነውና በብረት ሱፍ አይፋቅ። ጥይት ላይ ዘይት አይቀባም፤ ዝገት የሚፈታ ስፕሬይ ወደ ካፕሱሉ ሰርጎ ይገድለዋል። «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየር አንሶት ነው የሚከሽፈው» የሚሉትን ደግሞ አይስሙ፤ ባሩድ የሚነድበትን ኦክስጅን በውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው።

የተለያየ ቁጥርና ዓመት ያለውን በአንድ ካዝና አይቀላቅሉ። ከየክምችቱ 20፣ 20 እየወሰዱ በፖሊስ ሜዳ ያስሞክሩ፤ ግን ውጤቱን ከሚገባው በላይ አይመኑት። ከ100 አንድ የሚከሽፍበት ክምችት 20ውን ሁሉ ተኩሶ የማለፍ ዕድሉ 82 በመቶ ነው። ከ100 አምስት የሚከሽፍበት እንኳ 36 በመቶ ያልፋል። ስለዚህ ሃያው የሚያጋልጠው መጥፎውን ብቻ ነው። ከተቻለ 60 ይሁን፤ ጥልቅ ጉድጓድ ይዞ የከሸፈ አንድ እንኳ ከተገኘ ያ ክምችት ለልምምድ ይሁን እንጂ ለጥበቃ አይሰጥ።

በሚቀጥለው ልምምድ ክሽፈት ሲያጋጥም አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደዞረ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠበቅ፣ ዘግይቶ የሚነሣ ጥይት አለና። ከዚያ ካዝናው መጀመሪያ ይነቀል፣ ቀጥሎ ቦልቱ ይሳብ፣ መጉረሻው በዓይንም በጣትም ይታይ። ድምፁ ደክሞ «ጱፍ» ካለ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ይሆናልና ጠመንጃው ባዶ ተደርጎ በዘንግ ሳይረጋገጥ ሁለተኛ አይተኮስም። በሁለት ጠመንጃ ከሽፈው በእጅዎ የቀሩትን አምስት ጥይቶች ለይተው፣ ቂጣቸው ላይ ያለውን ቁጥር መዝግበው ለፖሊስ በደብዳቤ ያስረክቡ። ባሩዱን ለማውጣት አይፍቱ፣ ከቆሻሻ ጋር አይጣሉ፣ ግቢ ውስጥም አይቅበሩ።